ማን ነቅቶ ይደር? ለሽቦ አልባ ሴንሰሮች የመልእክት መንገድ አመራረጥ፣ ከደቻቱ እስከ ጀጎል

ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ፍየል ይነዳበታል። ውሃው የሚመጣው ከደቡብ፣ ከደንገጎ ሸንተረር በኩል ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድም ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ደራሽ ጎርፍ ሰውን በተኛበት አግኝቶ ከ200 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ የውሃ ከፍታ የሚለኩ ሴንሰሮችን ተክሎ ወሬውን ከውሃው ማስቀደም ታዲያ ለድሬዳዋ መሐንዲስ ቅንጦት አይደለም።

ሥራው ሲጀመር ሁሌም የሚነሳው ጥያቄ "የትኛውን የራውቲንግ ፕሮቶኮል (የመልእክት መንገድ መምረጫ ደንብ) እንጠቀም?" የሚል ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ከኖዶቹ፣ ማለትም ሴንሰርና ሬዲዮ ከያዙት ሳጥኖች መካከል ጆሮውን ከፍቶ የሚያድረው የትኛው ነው? ባትሪውን የሚጨርሰው ማዳመጥ ነው፤ ለመላክ የሚወጣው ከዚያ አንጻር ኢምንት ነው። ፕሮቶኮል መረጣችሁ ማለት ዘበኛውን መረጣችሁ ማለት ነው።

ሒሳቡ በአንድ ኖድ ላይ

በደንብ የተሠራ ኖድ ተኝቶ 15 ማይክሮአምፔር ይበላል እንበል፤ በቀን 0.36 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። በየ15 ደቂቃው አንድ መልእክት ይልካል፣ በቀን 96። በሎራ፣ በትንሽ ኃይል ሩቅ በሚደርሰው ሬዲዮ፣ 10 ባይት ዳታ ከ13 ባይት የፕሮቶኮል ጭነት ጋር፣ በኤስኤፍ 9 አየር ላይ 206 ሚሊሰከንድ ይቆያል (ኤስኤፍ የሬዲዮው የፍጥነት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መልእክቱ ይዘገያል፣ ርቀቱ ግን ይጨምራል)። ሲልክ በጠቅላላው 40 ሚሊአምፔር ቢስብ የ96ቱ ድምር 0.22 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። በኤስኤፍ 7 መልእክቱ 62 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሚወስድ ወደ 0.07 ይወርዳል፤ በኤስኤፍ 12 ደግሞ 1.48 ሰከንድ ስለሚፈጅ 1.6 ይደርሳል። ከፍታ መለኪያው በየንባቡ 30 ሚሊአምፔር ለ1 ሰከንድ ቢወስድ 0.8 ይጨመር። በኤስኤፍ 9 ሁሉም ተደምሮ በቀን 1.4 ገደማ ነው። ከአንድ 2,600 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ 70 በመቶውን ብቻ ብንጠቀም እንኳ በወረቀት ላይ ከ3 ዓመት በላይ ይሄዳል።

አሁን ይኸው ኖድ የጎረቤቱን መልእክት እየተቀበለ እንዲያስተላልፍ እናድርገው። ጎረቤቱ መቼ እንደሚናገር ካላወቀ ሌት ተቀን ማዳመጥ ግድ ይለዋል። ኤስኤክስ1276 የተባለው የሎራ ሬዲዮ ሲያዳምጥ 11 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል፣ በቀን 264 ሚሊአምፔር-ሰዓት። ተተኪው ኤስኤክስ1262 ወደ 5 ሚሊአምፔር ስለሚወርድ 120 አካባቢ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ሲሲ2538 ደግሞ 20 ሚሊአምፔር፣ በቀን 480። ከ1.4 ወደ 480! 3 ዓመት ይቆያል የተባለው ባትሪ በ6ኛው ቀን ይሞታል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኢኤስፒ32 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር (የኖዱ አንጎል) በጥልቅ እንቅልፍ 10 ማይክሮአምፔር ይበላል የሚለው እውነት ነው፤ የልምምድ ቦርዱ ግን የዩኤስቢ ቺፕ፣ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያና ቀይ መብራት አለበት። ቦርዱ ተኝቶ 5 ሚሊአምፔር ከበላ በቀን 120 ሚሊአምፔር-ሰዓት ሄደ፣ የትኛውም ፕሮቶኮል አያድነውም። ፕሮቶኮል ከማማረጣችሁ በፊት መልቲሜትሩን ከባትሪው ጋር በተከታታይ አስገብታችሁ የእንቅልፉን ፍጆታ ለኩ።

መንገድ የሌለበት መንገድ፦ ኮከብ

በሎራ ሬዲዮ ላይ የሚሠራው ሎራዋን የተባለው ፕሮቶኮል ራውቲንግ የለውም። እያንዳንዱ ኖድ በቀጥታ ለጌትዌዩ፣ መልእክቱን ተቀብሎ ወደ ሰርቨር ለሚያሻግረው ጣቢያ፣ ይናገራል፣ ተናግሮም ይተኛል። ነቅቶ የሚያድረው ጌትዌዩ ብቻ ነው፤ እሱም ኮረንቲ ወይም ትልቅ ሶላር ያለበት ቦታ ይቀመጣል። መንገድ ስለሌለ መንገድ የሚያስት አጥቂም የለም፤ "መድረሻው በእኔ በኩል ነው" ብሎ የሚዋሽ ጎረቤት አይፈጠርም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ድክመት ያየዋል፣ እኛ ትልቁ ጥቅሙ ነው እንላለን።

ችግሩ መሬቱ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ሸንተረሩ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጌትዌዩን ገደሉ ጫፍ ላይ ካወጣችሁት ሸለቆውን ያያል። ነገር ግን በተጠማዘዘ ወንዝ ውስጥ፣ ከግንቡ ጥግ የተተከለ ኖድን አያየውም። በሁለቱ አንቴናዎች መካከል ዓይን መተያየቱም ብቻውን አይበቃም። በ868 ሜጋኸርዝ ለ8 ኪሎ ሜትር ግንኙነት፣ መሐል ላይ ሞገዱ የሚፈልገው ባዶ ቦታ በራዲየስ 26 ሜትር ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 16 ሜትር ያህል ከኮረብታና ከዛፍ ነጻ ይሁን።

ቦታውን የምትፈትኑት እንዲህ ነው። ኖዱን በሚተከልበት ከፍታ ላይ አድርጋችሁ በኤስኤፍ 9 100 መልእክት ላኩ። ጌትዌዩ ላይ የምታዩት የሲግናልና የጩኸት ልዩነት ኤስኤፍ 9 ሊሸከመው የሚችለው እስከ ‎-12.5 ዴሲቤል ነው። 10 ዴሲቤል መጠባበቂያ ስለሚያስፈልግ ከ‎-2.5 በታች ከወረደ ቦታውን ወይም አንቴናውን ቀይሩ። "ኤስኤፍ 12 እናድርገውና ይድረስ" የሚለው መፍትሔ ለጎርፍ አይሠራም። በአውሮፓው ደንብ የተጻፉት ሶፍትዌሮች ሬዲዮው ከጊዜው 1 በመቶውን ብቻ እንዲናገር ይገድባሉ፤ 1.48 ሰከንድ የተናገረ ኖድ 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ዝም ይላል። ውሃው እየጨመረ በየደቂቃው መናገር ባለበት ሰዓት ማለት ነው። በኤስኤፍ 9 ግን ዝምታው 20 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

ሞጁል ስትገዙ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራውን የ915 ሜጋኸርዝ ዓይነት ተዉት። ሲልክ የሚጠቀመው ከ902 ጀምሮ ስለሆነ የሞባይል ስልኮች ወደ ማማው ከሚናገሩበት የ900 ባንድ ጋር ይጋጫል። የ868ቱንም ቢሆን ከመትከላችሁ በፊት ለኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን አቅርባችሁ ፈቃዱንና የመሣሪያውን ዓይነት ማረጋገጫ ጨርሱ።

ሊች፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ንጉሥ

ሊች የተባለው ፕሮቶኮል በ2000 እ.ኤ.አ. ሃይንዘልማን፣ ቻንድራካሳን እና ባላክሪሽናን ከኤም.አይ.ቲ. ያቀረቡት ነው። ኖዶች በዙር በዙር፣ በዕጣ የክላስተር (የቡድን) መሪ ይሆናሉ፤ አባላቱ ለመሪው ይልካሉ፣ መሪው አጠቃሎ ለማዕከሉ ይልካል። ድካሙ በየተራ ስለሚዞር አንዱ ቀድሞ አይሞትም። እንደ ዕቁብ ነው፤ ተራው የደረሰው ይሸከማል።

ሒሳቡ የቆመበት ሞዴል አንድ ቢት ለማስተናገድ 50 ናኖጁል፣ ለማጉላት ደግሞ በቢት በካሬ ሜትር 100 ፒኮጁል ይወስዳል። በዚህ ሞዴል መሐል ላይ አንድ አቀባይ ማስገባት የሚያዋጣው ርቀቱ ከ45 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ራሳችሁ ብታሰሉት ታገኙታላችሁ፣ 4 ሲባዛ 50 ናኖ ለ100 ፒኮ ሲካፈል 2,000 ይሆናል፣ ሥሩ 44.7 ነው። አቀባዩ መልእክቱን ሲጠብቅ የሚያዳምጥበት ጊዜ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ከላይ ያየነው የ480 ሚሊአምፔር-ሰዓት ጉድ ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ሊች ራሱ አባላቱን በተመደበላቸው ሰዓት ብቻ እያነቃ ችግሩን ያቃልላል፤ መሪው ግን ዙሩ እስኪያልቅ ነቅቶ ይጠብቃል።

ለእኛ መሬት የማይሆንበት ምክንያት ሌላ ነው። ማንኛውም ኖድ መሪ ሲሆን በአንድ ዝላይ ማዕከሉ ዘንድ መድረስ ይችላል ብሎ ያስባል። በደቻቱ ሸለቆ ውስጥ ይህ ሐሰት ነው። ዕጣው ግንብ ሥር ላለው ኖድ የወጣ ዕለት የክላስተሩ ሁሉ ንባብ ይጠፋል፣ በቀጣዩ ዙር ይመለሳል፣ እናንተም ሶፍትዌሩ ላይ ስህተት ስትፈልጉ ትከርማላችሁ።

ከደኅንነት አንጻር ደግሞ አባላት መሪያቸውን የሚመርጡት ድምፁ ጎልቶ በተሰማቸው ነው። ጠንካራ ሬዲዮ የያዘ አጥቂ "መሪ እኔ ነኝ" ቢል ሁሉም ወደ እሱ ይጎርፋሉ፣ መልሰው ሲናገሩ ግን ድምፃቸው አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም ይጥለዋል። ካርሎፍ እና ዋግነር በ2003 እ.ኤ.አ. የሴንሰር መረብ ጥቃቶችን ሲዘረዝሩ ይህን የሰላምታ ጎርፍ ብለው ለይተውታል። መፍትሔው የመሪነት ጥሪው ራሱ በቁልፍ እንዲታተምና ምላሹ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲረጋገጥ ማድረግ ነው፤ መሠረታዊው ሊች ይህ የለውም። መሪዎቹን ማዕከሉ የሚመርጥበት ሊች-ሲ ይሻላል። ሲሙሌሽን ላይ ለማወዳደር ሊችን ተጠቀሙበት፤ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ማንቂያ ላይ ግን አትትከሉት።

አር.ፒ.ኤል.፦ ዛፉ

አር.ፒ.ኤል. በ2012 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት የኢንተርኔት ራውቲንግ ነው፤ ኮንቲኪ-ኤንጂ በተባለው የኖድ ሶፍትዌር ላይ በነጻ ይገኛል። ኖዶች ከዛፉ ሥር፣ ማለትም ንባቡ ሁሉ ከሚሰበሰብበት ኖድ፣ ያላቸውን ርቀት በደረጃ ቁጥር ይገልጻሉ፣ እያንዳንዱም የተሻለ ወላጅ ይመርጣል። መረቡ ሲረጋጋ የመቆጣጠሪያ መልእክቱ እየራቀ ይሄዳል፣ አንድ ነገር ሲበላሽ መልሶ ይበዛል። ወላጅ ሲሞት ልጆቹ ሌላ ፈልገው ይጠጋሉ። በርካታ ኖዶች በ50 እና በ100 ሜትር ርቀት ለሚተከሉበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሐረማያ አካባቢ ላለ የአትክልት ማሳ የአፈር እርጥበት መለኪያ፣ ከዚህ የሚሻል የለም።

ማዳመጡን የሚያሳጥረው ከአር.ፒ.ኤል. በታች፣ በሬዲዮው ደረጃ የምታስቀምጡት የጊዜ ክፍፍል ነው። ቲኤስሲኤች የተባለው ስልት ሁሉንም በአንድ ሰዓት ያስተካክላል፤ ጊዜው በ10 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ተከፍሎ እያንዳንዱ የሚነቃው በራሱ ቁራጭ ብቻ ነው። ሬዲዮው ከጊዜው 1 በመቶ ብቻ ቢከፈት የ480 ፍጆታ ወደ 4.8 ይወርዳል። አንዲት ትንሽ ሶላር ትሸከመዋለች።

የድሬዳዋ ሙቀት ግን እዚህ ጋ ይገባል። ሰዓቱን የሚቆጥረው የ32 ኪሎኸርዝ ክሪስታል በ25 ዲግሪ ትክክል ሆኖ ከዚያ በራቀ ቁጥር ይዘገያል፤ መዘግየቱ ከሙቀቱ ልዩነት ካሬ ጋር ያድጋል፣ በአንድ ካሬ ዲግሪ 0.034 ከሚሊዮን። ከተማው ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ ሳጥን ውስጡ 60 ዲግሪ ቢደርስ 42 ከሚሊዮን ያህል ይዘገያል። ደንገጎ ላይ በ20 ዲግሪ ያለው ጓደኛው ከ1 አይበልጥም። ልዩነቱ በ25 ሰከንድ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ የቁራጩ መቻቻል ከ1.1 ሚሊሰከንድ የማያልፍ ከሆነ መጠባበቂያ ትታችሁ በየ10 ሰከንዱ ገደማ ሰዓት ማስተካከል አለባችሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ በየደቂቃው ሲበቃ የነበረው፣ ግንቦት ላይ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ኖዶቹን አንድ በአንድ ያስኮበልላል። ሲመሽ ደግሞ ይመለሳሉ። ሳጥኑን ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ከላዩ በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የቆርቆሮ ጥላ አድርጉለት፤ ግማሹ ችግር በዚህ ያልቃል።

ወላጅ አመራረጡም ይታይ። በነባሩ አሠራር ኖድ ወላጁን የሚመርጠው መልእክት ለማድረስ ስንት ጊዜ መሞከር እንዳለበት አይቶ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቦታ ላይ ያለው አንዱ ወላጅ የሰፈሩን ሁሉ ይሸከምና ቀድሞ ይሞታል። የቀረውን የባትሪ ቮልቴጅ ከመስፈርቱ ጋር ጨምሩ፤ ነገር ግን በየንባቡ እንዳይቀያይር ወላጅ ለመለወጥ ጉልህ ልዩነት ይጠየቅ።

አጥቂ ለዛፍ የሚያዘጋጀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዝቅተኛ የደረጃ ቁጥር አውጆ ልጆቹን ሁሉ መሳብ፤ ከሳበ በኋላ የፈለገውን ያሳልፋል፣ የፈለገውን ይውጣል። ሁለተኛው የዛፉን ስሪት ቁጥር ከፍ አድርጎ ማወጅ ነው፤ መረቡ በሙሉ ፈርሶ ይገነባል፣ ይህ በተደጋገመ ቁጥር የሁሉም ባትሪ ይነጥፋል። አር.ፒ.ኤል. የራሱ የደኅንነት ሁነታዎች ቢኖሩትም ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች አልተገበሯቸውም፤ በተግባር የምትታመኑት በሬዲዮው ደረጃ ባለው ምስጠራ ነው። እሱ የውጭ ሰውን ያስቀራል። አንድ ኖድ ተነቅሎ ቁልፉ ከወጣ ግን አጥቂው የቤት ሰው ሆኗል። ለዚህ ቀላሉ መከላከያ ሥሩ ላይ የሚቀመጥ ዝርዝር ነው፦ የትኛው ኖድ ከማን ሥር ሊሆን እንደሚችል ከመሬቱ ስለምታውቁ ከዚያ የወጣ ወላጅ ሲታይ ማስጠንቀቂያ ይውጣ።

ማጥለቅለቅ፦ መሽታስቲክ እና መሰሎቹ

ስሙ ለደቻቱ ልጅ ደስ አይልም፤ አሠራሩ ግን ግልጽ ነው፣ የሰማ ሁሉ ይደግማል። መሽታስቲክ የተባለው በሎራ ሬዲዮ ጽሑፍ የሚያቀባብል ሶፍትዌር ድግግሞሹን በ3 ዝላይ ይገድባል፣ እስከ 7 ማሳደግ ይቻላል። በግማሽ ቀን ይተከላል፤ ማራኪነቱም እዚህ ላይ ነው። የሚደግም ኖድ ሁሉ ግን ሁልጊዜ ያዳምጣል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ሶላር ይፈልጋል። ነባሩ የቻናል ቁልፍ ዓለም የሚያውቀው ነው፤ የራሳችሁን ብታስገቡም የቻናሉ ምስጠራ ይዘቱን ይሸፍናል እንጂ መልእክቱ መነካካቱን የሚያሳይ ማኅተም የለውም። ለቀበሌ አስተባባሪዎች የጽሑፍ መልእክት መለዋወጫ፣ የሞባይል ኔትወርክ ሲጠፋ መጠባበቂያ ይሁን። ሳይረን እንዲያስነሳ አትፍቀዱለት።

የቤትና የሕንፃ ዕቃዎችን የሚያገናኘውን ዚግቢን በአጭሩ፦ አቀባዮቹ ኮረንቲ ላይ ሲሰኩ ለመጋዘንና ለቀዝቃዛ ክፍል ጥሩ ነው፤ ሜዳ ላይ አታውጡት። አዲስ ዕቃ ሲቀላቀል የሚጠቀምበት ነባር ቁልፍ በዓለም ሁሉ የታወቀ ስለሆነ በየዕቃው የመግጠሚያ ኮድ የሚቀበለውን ብቻ ግዙ።

ደኅንነቱ ባትሪ ይበላል?

"ምስጠራ ባትሪ ስለሚበላ ተውነው" የሚል ሪፖርት ዛሬም ይጻፋል። ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት አሁን በአብዛኞቹ የሬዲዮ ቺፖች ውስጥ በሃርድዌር ስላለ ስሌቱ ራሱ አይቆጠርም፤ ዋጋው ያለው በሚጨመሩት ባይቶች ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ በሰከንድ 250 ኪሎቢት፣ 6 ባይት የደኅንነት ራስጌና 4 ባይት ማኅተም አየር ላይ የሚጨምሩት 0.32 ሚሊሰከንድ ነው። በሎራ ኤስኤፍ 12 ግን ማኅተሙን ከ4 ወደ 16 ባይት ብታሳድጉት 0.33 ሰከንድ ይጨምራል፣ አንድ ሺህ እጥፍ።

ስለዚህ የማኅተሙን ርዝመት በሬዲዮው ፍጥነት ወስኑ። 4 ባይት ማኅተም በግምት ለመምታት በአማካይ 2.1 ቢሊዮን ሙከራ ይፈልጋል። በኤስኤፍ 12፣ አንዱ ሙከራ 1.48 ሰከንድ ሲወስድ፣ 100 ዓመት ገደማ ነው፤ ይበቃል። በ2.4 ጊጋኸርዝ አንዱ ሙከራ 2 ሚሊሰከንድ ቢወስድ 50 ቀን ብቻ ነው፤ እዚያ 8 ባይት አድርጉ።

በተግባር መረቡ የሚሰበረው በሌላ በኩል፣ በቆጣሪው ነው። እያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር አለው፤ ተቀባዩ ከዚህ በፊት ካየው ያነሰውን ይጥላል፣ አለዚያ የትናንትናው "ውሃ ሞልቷል" ተቀድቶ ዛሬ ይላካል። ባትሪ ሲቀየር ቆጣሪው ከዜሮ ከጀመረ ሁለት ነገር ይከሰታል። ወይ ተቀባዩ ሁሉንም ይጥልና ኖዱ "ሞተ" ይባላል፤ ወይ አንዱ ባለሙያ ተማሮ የቆጣሪ ምርመራውን ያጠፋውና በሩ ተከፍቶ ይቀራል። ሁለተኛው የተለመደው ነው። ከዚህም የከፋው፣ በአንድ ቁልፍና በአንድ ተራ ቁጥር ሁለት የተለያዩ መልእክቶች ከተመሰጠሩ ሁለቱን አነጻጽሮ ይዘታቸውን ማውጣት ይቻላል። መፍትሔው በየ100 መልእክቱ ቆጣሪውን ፍላሽ ላይ መጻፍ፣ ሲነሳ ደግሞ በተጻፈው ላይ 100 ጨምሮ መጀመር ነው። ፍላሹ 10,000 ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ቢሆን እንኳ በቀን 96 መልእክት ለሚልክ ኖድ ከበቂ በላይ ነው።

በሎራዋን ኤቢፒ የተባለውን የቋሚ ቁልፍ አገባብ ትታችሁ ኖዱ መረቡን በተቀላቀለ ቁጥር አዲስ ቁልፍ የሚያወጣውን ኦቲኤኤን ተጠቀሙ፤ በየኖዱ የተለየ ሥር ቁልፍ ይኑር። ለ20 ኖድ አንድ ቁልፍ ማስገባት 10 ደቂቃ ይቆጥባል፣ አንዱ ከምሰሶው ላይ የተነቀለ ዕለት ግን 20ውም ተነቀሉ። መነቀላቸውም አይቀርም፤ ሌባው የሚፈልገው ሶላሩንና ባትሪውን ነው፣ ቁልፉ የሚወጣው ዕቃው ገበያ ከወጣ በኋላ ነው። በማይክሮኮንትሮለሩ ላይ የፍላሽ ምስጠራን ማብራትና የማንበቢያ በሩን መዝጋት አትርሱ። ጌትዌዩ ቁልፍ አይዝም፣ እሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነባሩ የዩዲፒ ማስተላለፊያ ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ ማንነት አያረጋግጥም። ቲኤልኤስ፣ ማለትም ማንነት የሚያረጋግጥና የሚመሰጥር ግንኙነት፣ ባለው ቀይሩት።

እንግዲህ የቱ ለየት?

ለደቻቱ፦ ኮከብ፣ በሁለት ጌትዌይ። አንዱ ሸንተረሩ ላይ በሶላር፣ ሌላው ከተማ ውስጥ ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ፤ መብራት ሲጠፋ ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያሳድር ባትሪ ይኑረው፣ የሞባይል ኔትወርክ ሲቆረጥ ደግሞ ሰርቨሩ እዚያው አጠገቡ ይሁን። ሁለቱም የማያዩት አንድ ጥምዝ ካለ አንድ አቀባይ ለብቻው ትከሉ። አቀባዩ 15 ሚሊአምፔር ቢበላ በቀን 360 ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው፤ 5 ዋት ሶላርና 6,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ አቧራና ደመናን ችሎ ይሸከመዋል። ተራ ሊቲየም አዮን አይሁን፤ አብዛኞቹ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለባቸውም፣ የድሬዳዋ ሳጥን ደግሞ ያንን ከረፋዱ ያልፋል።

ሳይረኑ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። ሎራዋን በነባሩ በክፍል ኤ ነው፤ ዕቃው ትእዛዝ የሚሰማው ራሱ ከተናገረ ከ1 እና ከ2 ሰከንድ በኋላ ብቻ ነው። በየ15 ደቂቃው የሚናገር ሳይረን ማንቂያውን ከ15 ደቂቃ በኋላ ሊሰማ ይችላል። ሳይረኑ ክፍል ሲ ይሁን፣ ሁልጊዜ ያዳምጥ፤ ነቅቶ ማደር ያለበት ዘበኛ እሱ ነው፣ የራሱን ሶላር ስጡት።

ኖዶቹ ውሃው 10 ሴንቲ ሜትር ሲጨምር ወደ የደቂቃ ንባብ እንዲቀይሩ ስታደርጉ ደግሞ የአልትራሳውንድ መለኪያውን በሙቀት አርሙት። ከድልድይ ሥር፣ ከአሸዋው 4 ሜትር ላይ የተሰቀለ መለኪያ በ20 ዲግሪ ተስተካክሎ ቀኑ 40 ሲደርስ ድምፅ ስለሚፈጥን አሸዋውን በ13 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቦ ያየዋል። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጎርፍ መጣ ብሎ በየደቂቃው ይናገራል። "ፕሮቶኮሉ ባትሪ ጨረሰ" ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

ከድሬዳዋ በኩል ወደ ሐረር በሚወጣ የውሃ መስመር ላይ ግፊት ለመለካት ሁኔታው ይለያል፤ ኖዶቹ በአንድ ሰልፍ ናቸው። 10 ኖድ በሰንሰለት ቢቀባበሉ የመጨረሻው፣ ከጌትዌዩ ጎን ያለው፣ የራሱን 1 ለመላክ የሌሎቹን 9 ተቀብሎ 10 ይልካል። ባትሪውን በዚያው ልክ አሳድጉት ወይም በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ፓምፕ ጣቢያ ላይ ጌትዌይ አስቀምጡ፤ ኮረንቲ እዚያ አለ። ሁለተኛው ይበልጣል። ጀጎል ውስጥ፣ በወፍራም የድንጋይ ግንብ ቤቶች መካከል 2.4 ጊጋኸርዝ በሁለት ግንብ ይሞታል፤ ወይ 868፣ ወይ ጣራ ላይ የሚገጠሙ አቀባዮች ያሉት አር.ፒ.ኤል.።

ከዝናቡ በፊት

በልግም ደቻቱን ስለሚያመጣ ፈተናው ጥር ላይ ይለቅ። አንዱን አቀባይ አጥፉት፤ ሥሩ ያሉት ኖዶች መጥፋታቸው በ30 ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ካልታየ የተራ ቁጥር ክፍተት የሚቆጥር ነገር የላችሁም፣ አጥቂ መልእክት ሲውጥም አታውቁም። ሳይረን በአንድ ኖድ ቃል ብቻ አይነሳ፤ በላይኛውና በታችኛው ጣቢያ ተከታታይ ንባብ ይረጋገጥ፣ የላይኛው ዝም ካለ ግን ዝምታው ራሱ እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጠር። ከዚያ ኖዶቹን ሁሉ በአንዴ አጥፍታችሁ አብሩ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ለመግባት ሲጋፉ ከ10 ደቂቃ በላይ ከወሰደ በየኖዱ የተለያየ የዘፈቀደ መዘግየት አስገቡ።

በመጨረሻም አንድ ርካሽ ሬዲዮ ያለው ላፕቶፕ ያዙ። ከኖዱ አጠገብ ተቀምጣችሁ የሙከራ ማንቂያውን ቅዱት፣ ቆይታችሁ ያንኑ መልሳችሁ ልቀቁት፤ ከዚያ የኖዱን ባትሪ ነቅላችሁ ሰክታችሁ ድገሙት። ሳይረኑ ከሁለቱ በአንዱ ከጮኸ ወደ ቆጣሪው ተመለሱ።